ቁሐር ሜዳ ላይ የወደቀችው አውሮፕላን

ጡረታ ወጥቼ ወደ ወረታ ከተመለስኩ ወዲህ በሠፈሩ የታወቅሁት «የአውሮፕላን አስተማሪዋ» በሚል ነው። ልጆቻቸው ዐረብ አገር የሚሄዱባቸው እናቶች ስንት ኪሎ ሻንጣ እንደሚፈቀድ ሊጠይቁኝ ይመጣሉ። ደብረ ታቦር መገንጠያው አጠገብ ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ደግሞ አንድ ቀን አውሮፕላን አብርሬ እንደማላውቅ ስነግራት ከልቧ አዘነችልኝ።

«ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ምን ስትሠሪ ኖርሽ?»

«ልጆች በቡድን ሆነው ትንንሽ አውሮፕላን እንዲሠሩ አስተምር ነበር።»

«ይበርላቸው ነበር?»

«አንዳንዱ» አልኳት። ደንበኛ መጣባትና ጨዋታችን እዚያው ቀረ። እኔን ግን ቤት ከገባሁም በኋላ ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። ይህን የምጽፈው ለእሷ መልስ ይሆን ዘንድ ነው፤ በተለይ ሳይሆንላት ስለቀረች አንዲት አውሮፕላን።

የተወለድኩት ቁሐር ሚካኤል ነው። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ቅኔ ያስተምራሉ። ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጎን ስለነበር ያደግሁት የተማሪ ድምፅ እየሰማሁ ነው። ክረምት ርብ ሞልቶ ሜዳውን ሲውጠው ከብቱ ወደ ከፍታው ይሸሻል፤ እኛም ወረታ ለመድረስ ዋልካውን ጉልበታችን ድረስ እየጠለቅን እንሻገራለን። ዛሬ ፎገራ ሲባል ሰው የሚያስበው ሩዝ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ግን ሩዝ ገና እንግዳ ነበር፤ አገሬው የሚኮራው በላሞቹ ነበር።

ወረታ ተምሬ ስጨርስ አዲስ አበባ ሄጄ የአውሮፕላን ጥገና ሠለጠንኩና የቆርቆሮ ክፍል ገባሁ። የመጀመሪያው አለቃዬ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ቆርቆሮውን የሚያያይዘውን ሪቬት የመታሁበትን መሥመር ዐይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው ይዳስሱታል፤ ጣታቸው የቆመበት ቦታ ፈርሶ እንደገና ይሠራል። ምክንያቱን አይናገሩም። መጀመሪያ የናቁኝ መስሎኝ አለቅስ ነበር። በኋላ ግን የእኔም ጣት መቆም ጀመረ። በማታ ተምሬ ዲግሪ ከያዝኩ በኋላ ደቡብ ወደሚገኝ የቴክኒክ ኮሌጅ ተመድቤ ረጅም ጊዜ ንድፍ አስተማርኩ። እዚያ የነበሩት ዲን ደግሞ የአለቃዬ ተቃራኒ ነበሩ፤ አፋቸው አያርፍም፤ ግን ተማሪ የታመመ ቀን ሆስፒታል የሚያድሩት እርሳቸው ነበሩ። ደመወዙ ከጥገናው ሥራ ያነሰ ነበር፤ ስለ ደመወዝ ይህን ካልኩ ይበቃል። ለአገሬ ቀረብ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ኤሮስፔስ ምህንድስና ሲከፍት አመለከትኩ፤ ተቀበሉኝ። እስከ ጡረታ የቆየሁትም እዚያው፣ የቡድን ዲዛይን ፕሮጀክት በሚባለው ትምህርት ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች በቡድን በቡድን ይከፈላሉ። እያንዳንዱ ቡድን አንድ የሚበር ነገር ያስባል፣ ያሰላል፣ ይነድፋል፣ በእጁ ይሠራል፣ ያበርራል፤ በመጨረሻም ፈታኞች ፊት ቆሞ ሥራውን ያስረዳል። አንዱ ክንፉን ይይዛል፣ አንዱ ጭራውን፣ አንዱ ሞተሩን፣ አንዱ መቆጣጠሪያውን። ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። ክንፍ የያዘው ክንፉ እንዲረዝም ይፈልጋል፤ አካሉን የያዘው የረዘመ ክንፍ አልሸከምም ይላል፤ ሞተር የያዘችው ደግሞ ሁለቱም ካልቀነሱ አልገፋም ትላለች። አራት ዓመት ጎን ለጎን የተማሩ ጓደኛሞች በአንድ ጠብታ ማጣበቂያ ሲኮራረፉ አይቻለሁ።

ይህን ሥራ ያስተማሩኝ ጋሽ ምትኩ ናቸው። ከእኔ በፊት ትምህርቱን የጀመሩት እርሳቸው ነበሩ። ቀጭን ሰው ናቸው፤ ብርድም ቢሆን ሙቀት ያው ቡናማ ሹራብ ነው የሚለብሱት። በቦርሳቸው ትንሽ ሚዛን አትለያቸውም። ተማሪዎች የመጀመሪያ ስላይዳቸው ላይ ስለ ትብብር አንድ ነገር መጻፍ ይወዳሉና አንድ ቡድን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ብሎ ጽፎ መጣ። ጋሽ ምትኩ ቀና ብለው አዩትና፣ አንዱ ሎሚ ስንት ግራም እንደሆነ ጠየቁ። ማንም አልሳቀም፤ የእውነታቸውን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። እርሳቸው ዘንድ ማጣበቂያ ይመዘናል፣ ቀለም ይመዘናል፣ ሽቦውን የሚያስረው ክር ሳይቀር ይመዘናል።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ክንፍ የሠራውን ስለ ክንፍ አይጠይቁትም። ክንፍ የሠራውን ስለ ጭራው፣ ጭራ የሠራችውን ስለ ሞተሩ ነው የሚጠይቁት። ተማሪው «እሱን የሚያውቀው እገሌ ነው» ካለ ዝም ብለው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ፤ ያ ዝምታ ከስድብ ይብሳል። አውሮፕላን ከመነሳቷ በፊት ደግሞ ሁለት ጣታቸውን ከክንፎቿ ሥር አስገብተው ያነሷታል። አፍንጫዋም ጭራዋም ሳያዘነብል ቀጥ ካለች ይፈቅዳሉ። ሲናደዱ አይጮኹም፤ እርሳስ ይቀርፃሉ። ጠረጴዛቸው ላይ የእርሳስ ፍቅፋቂ የበዛ ቀን ቢሯቸው የሚገባ ሰው አልነበረም።

አንድ ጊዜ አባቴ ለዐይናቸው ሕክምና መጥተው እኔ ዘንድ ሲሰነብቱ የቡድን ግምገማ ላይ ይዣቸው ገባሁ። ነጠላቸውን አጣፍተው ከኋላ ተቀመጡ። ተማሪዎቹ ሥራቸውን ሲያቀርቡ፣ ጋሽ ምትኩ ሲያርሙ አዳመጡ። ቤት ስንገባ ምን እንደመሰላቸው ጠየቅኳቸው።

«እነዚህም እንደኛ ተማሪ ናቸው» አሉኝ። «ቆጥረው ይመጣሉ፣ መምህሩ ፊት ቆመው ይታረማሉ። የኛ ተማሪ ግን ቅኔው ቢበላሽበት የብቻው ነው። እዚህ አንዱ ሲያጎድል የሚወድቀው የሁሉም ነው። ከባድ ትምህርት ይዘሻል ልጄ።»

ይህን ካሉኝ ጥቂት ዓመት አልፎ ነው እነዚያ ስድስት ልጆች የመጡት። ከስድስቱ ሁለቱን ላስተዋውቅ። ሀብታሙ የይፋግ ገበሬ ልጅ ነው፤ እጁ ወርቅ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ግን ስህተት ሲሠራ የሚሞት የሚመስለው። ብርቱካን ጎንደር ከተማ ያደገች ናት፤ ትንሽ ትናገራለች፤ ሪሞት ስትይዝ ጣቷ አይንቀጠቀጥም። ሀብታሙ ጭራውን ያዘ፣ እሷ መቆጣጠሪያውንና በረራውን። ሐሳቡን ያመጣው ሀብታሙ ነበር። ክረምት ውኃ የሚከባቸው ቀበሌዎች መድኃኒት የሚያደርስላቸው አጥተው ይቸገራሉ፤ ጥቂት መድኃኒት ተሸክማ ሜዳውን የምታቋርጥ አውሮፕላን እንሥራ አለ። እኔ የዚያው አገር ልጅ ነኝና ሰምቼ ሳልጨርሰው ነው እሺ ያልኩት ብል ይሻላል።

አውሮፕላኗ አማረች። ክንፏ ሰው ሁለት እጁን ከዘረጋው በላይ ነበር። ግቢያችን ውስጥ ባዶዋን ስትበር ያየ ሁሉ አጨበጨበ። የቀረው ሸክም ይዛ እውነተኛው ሜዳ ላይ መብረር ብቻ ነበር። ፈቃዱን ለማግኘት የተመላለስንባቸው ቢሮዎች ብዛት ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር፤ እሱን ልለፈው። ኅዳር ላይ፣ ሜዳው ጠፈፍ ብሎ ሩዙ ወርቅማ ሲሆን፣ በዩኒቨርሲቲው ፒካፕ ቁሐር ገባን። ያረፍነው አባቴ ቤት ነው።

ከዋናው መንገድ ከወጣን በኋላ ያለው ጥርጊያ መኪናዋን ክፉኛ ያንገጫግጫታል። ሳጥኑ ሲከፈት የጭራው ሥር ላይ ቀጭን ስንጥቅ ነበረች። ያያት ሀብታሙ ብቻ ነው። ሌሎቹ ማኮብኮቢያውን ሊያጸዱ ከጋሽ ምትኩ ጋር ወርደው ነበር። ልጁ ደነገጠ፤ የእሱ ሥራ የተሰነጠቀ መሰለው። ፋይበርግላስ አንድ ድርብ ጨመረ፤ አላመነውም፣ ሌላ ደረበበት፤ ማጣበቂያውን አጠጣው፣ ፀሐይ ላይ አድርቆ ቀለም ቀባው። ሲጨርስ ስንጥቅ ነበረበት ብሎ የሚጠረጥር አልነበረም። ለማንም አልተናገረም።

በማግስቱ ጠዋት ብርቱካን ለበረራ ስታዘጋጃት አውሮፕላኗ ወደ ጭራዋ አዘነበለችባት። ባትሪውን ያስገባችው እሷ ስለነበረች ስህተቱ የራሷ መሰላት። ማንንም ሳትጠይቅ ባትሪውን ከማሰሪያው አውጥታ ወደ አፍንጫዋ ገፋችውና በፕላስተር አጣበቀችው። አሁን ሚዛኗ ልክ ሆነ። ጋሽ ምትኩ መጥተው በሁለት ጣታቸው ቢያነሷት ቀጥ አለች። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ፈቀዱ ማለት ነው።

ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ ተሰብስቦ ነበር። አባቴ በወንበር ተቀምጠዋል። አውሮፕላኗ ሣሩ ላይ ተንደርድራ ተነሳች፤ ሴቶች እልል አሉ። ከዚያ አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀና አደረገች። ለመውጣት ነው ብዬ ነበር። ቀና ማለቱን ግን አላቆመችም፤ ከፍ አለች፣ ከፍ አለች፣ ሰማይ ላይ የቆመች መሰለች፤ ወዲያው በአንድ ክንፏ ተጠማዝዛ ወረደች። ባትሪው ፕላስተሩን ፈልቅቆ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ነበር። ይህን ያወቅነው ግን በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ሁሉም ያየው ብርቱካንን ነበር፤ ሪሞቱ ያለው በእሷ እጅ ነውና።

የወደቀችው ከሚግጡት ከብቶች አጠገብ ነው። ከብቶቹ ደንብረው ፈረጠጡና አቶ ጓዴ የሚባሉ ገበሬ ሊያጭዱት ቀን የቆረጡለትን ሩዝ በመካከሉ ሰንጥቀውት ሄዱ። ሰውና እንስሳ ግን አልተጎዳም፤ ተመስገን ነው።

ተማሪዎቹ ወደ ስብርባሪው ሊሮጡ ሲሉ ጋሽ ምትኩ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟቸው። ማንም እንዳይነካ አሉ። ብቻቸውን ዙሪያዋን ቀስ ብለው ዞሩ፣ ጎንበስ እያሉ አዩ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ጠርተው እያንዳንዱ ስብርባሪ የት እንደወደቀ አስነደፏቸው። ባትሪው ጭራው ሥር ተገኘ። አቶ ጓዴ በዚህ ሁሉ መካከል ከሩዛቸው ዳር ቆመው ነበር። አልተሳደቡም። የተረጋገጠውን ዘለላ እያነሱ ጭቃውን በጣታቸው ይጠርጋሉ። ያን ማየት ከስድብ የከበደ ነበር። ብርቱካን ሪሞቱን ሣሩ ላይ አስቀምጣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሄደች።

ከሰዓት አባቴ ግቢ ተሰበሰብን። ጋሽ ምትኩ እንደ ልማዳቸው ጀመሩ።

«ብርቱካን፣ ሀብታሙ ትናንት ምን ሠራ?»

«አላውቅም።»

«ሀብታሙ፣ ብርቱካን ዛሬ ጠዋት ምን ሠራች?»

«አላውቅም» አለ።

ስድስቱንም አዳረሱ። መልሱ ያው ነበር። ከደረት ኪሳቸው እርሳስ አወጡና መቅረፅ ጀመሩ። ከልጆቹ አንዱ ብርቱካን መቆጣጠሪያውን አብዝታ ስባው ይሆናል ሲል ሌሎቹ አልተቃወሙትም፤ ያም ፍርድ ሆነባት።

በማግስቱ ብርቱካን ሻንጣዋን ይዛ ወረታ የሚያደርሳት ባጃጅ ስትጠብቅ አገኘኋት። ትምህርቱን አቋርጬ እሄዳለሁ አለችኝ። ለምኜ አላቆምኳትም፤ ብለምናት የሚብስባት መሰለኝና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ባጃጁ እየዘገየ ሳለ ሀብታሙ ከግቢው ወጣ። አባቴና ጋሽ ምትኩም ከኋላው ነበሩ፤ ጠርቷቸው ነው። የተሰበረውን ጭራ በሁለት እጁ ታቅፏል።

«ጭራው ተሰንጥቆ ነበር፤ ደርቤ ደርቤ አጠናከርኩት። ማንም እንዲያውቅብኝ አልፈለግሁም። የጣላት የእኔ ጭራ ነው፤ ብርቱካን አይደለችም» አለ።

ጋሽ ምትኩ ሚዛናቸውን አውጥተው ድንጋይ ላይ አኖሩ፣ ጭራውን መዘኑ። ቁጥሩን አይተው ሚዛኗን ወደ ሁለቱ አዞሩት። ብርቱካን ተነሳች።

«ለዚህ ነው ያዘነበለችው? እኔ እኮ ስህተቱ የራሴ መስሎኝ ነው ባትሪውን ወደፊት የገፋሁት። ብጠይቅህ ኖሮ…»

«ብነግርሽ ኖሮ…» አለ እሱም፤ ሁለቱም አልጨረሱትም። ባጃጁ መጣ። ጋሽ ምትኩ ሾፌሩን አመስግነው ባዶውን መለሱት።

የቀረው የአቶ ጓዴ ሩዝ ነበር። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ አባቴም ከመካከላቸው ነበሩ። ልጆቹ የድሃ ልጆች ናቸው፣ በጉልበታቸው ይካሱ ተባለ፤ የተረፈውን አጭደው፣ ወቅተው ጎተራ እስኪያስገቡ ይርዱ። አቶ ጓዴ ተስማሙ። ሽማግሌዎቹ ሌላም ነገር ጨመሩ። ከመካከላቸው አንዱ ወደ እኔ ዞረው እንዲህ አሉኝ፦

«የኛ ልጅ ነሽ፣ አትቀየሚን። ጊዜው ሰው ሰማይ ቀና ብሎ ሲያይ የሚፈራበት ጊዜ ሆኗል። የምትሠሩት ለደግ እንደሆነ እናውቃለን። ግን እዚህ ዳግመኛ አታብርሩብን።»

እሺ አልኩ። የልጆቹ ምረቃ የሚጠብቀው ግን ያችኑ በረራ ነበር። ጥር ላይ ፈታኞች ፊት ይቆማሉ፤ አውሮፕላኗ ተሰባብራለች፣ ሜዳውም ተከልክሏል። ያን ዕለት የስድስቱን ፊት ማየት አቅቶኝ የአባቴን ችግኝ ውኃ ሳጠጣ ዋልኩ።

አጨዳው ተጀመረ። ማጭድ የማያውቀው እጃቸው ቆሰለ። የአቶ ጓዴ ባለቤት ብርቱካንን አጠገባቸው አድርገው አያያዙን አሳዩዋት። ሀብታሙ የገበሬ ልጅ ስለሆነ ይቀድማቸዋል፤ ሲቀድም ግን ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር፤ ያን ልብ አልኩ። ሩዙ አውድማ ላይ ተበራየ። ከዚያ ነፋሱ ቆመ። ፎገራ ላይ በዚያ ወራት ከሰዓት ነፋስ አይጠፋም፤ ያን ሰሞን ግን የባንዲራ ጨርቅ የሚያነቃንቅ እንኳ ጠፋ። ምርቱ ከገለባውና ከእብቁ ጋር ተከምሮ ቀረ፤ አቶ ጓዴ የሚያዘሩበትን ላይዳ ተደግፈው ቁጭ አሉ። በጉና በኩል ያለወቅቱ ደመና ይታይ ነበር። ዝናብ ቢመታው የተረፈውም ሊበላሽ ነው።

ብርቱካን ገለባው ላይ ተቀምጣ የተሰበረችውን አውሮፕላን ፕሮፔለር በጣቷ ታሽከረክር ነበር። ቀና ብላ ጓደኞቿን አየቻቸው።

«ነፋስ መሥራት እኮ ነው የተማርነው» አለች።

መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቆመና ሁሉም በአንድ ላይ ማውራት ጀመሩ። ጋሽ ምትኩን አየኋቸው፤ ቦርሳቸውን ከፍተው ሚዛኗን እየፈለጉ ነበር።

ወረታ አንድ ጥገና ቤት ያገኘናት አሮጌ ሳይክል የኋላ ጎማዋ ወጥቶ ካቴናዋ አራት የእንጨት ቅጠል ያለው ትልቅ ፕሮፔለር እንዲያዞር ተደረገ። ቅጠሎቹ ከዋንዛ ተጠረቡ። ክንፍ የያዘው ልጅ ጥርባቸውን አሰላ፤ መሃል አካባቢ ይበልጥ የተጣመመ፣ ወደ ጫፉ እየተቃና የሚሄድ መሆን አለበት፤ ጫፉ ፈጥኖ ስለሚዞር አንድ ዓይነት ማዕዘን አይስማማውም። መጀመሪያ ስትዞር ሳይክሏ እንደ በቅሎ ዘለለች፤ ቅጠሎቹ ክብደታቸው እኩል አልነበረም። በቢላ ስለት ላይ እያስቀመጡ፣ የከበደውን በመላጊያ እየፋቁ አስተካከሉ። ከዚህ በኋላ ያለ አንዳች መንቀጥቀጥ ዞረች፤ ነፋሱም ጥሩ ነፋስ ነበር። ግን እብቁን ወደፊት በመውሰድ ፈንታ እያሽከረከረ ወደ ጎን ይረጨዋል፤ ግማሹ ተመልሶ ምርቱ ላይ ያርፋል። ፕሮፔለር ነፋሱን ሲገፋው አብሮ ያሾረዋል፤ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ፤ ሲሆን ሳይ ግን አልታወሰኝም።

ያሰበው ሀብታሙ ነው። ውኃው ዳር ሄዶ አንድ ሸክም ሸምበቆ አጨደ፤ በክንድ ልክ ቆራርጦ፣ እንጨት ክፈፍ ውስጥ ጎን ለጎን ደርድሮ አሰረና ከፕሮፔለሩ ፊት ሊያቆመው ሲል ቆመ። ክፈፉን መሬት አስቀምጦ አምስቱንም ጠራቸው። ምን እንዳደረገ፣ ለምን እንዳደረገ፣ ምን ያህል እንደሚከብድ ነገራቸው። ብርቱካን ሸምበቆዎቹ ከጠበቡ ነፋሱን ያፍኑታል አለችው፤ ወፍራም ወፍራሙን መርጠው አንድ ላይ እንደገና አሰሩት። ነፋሱ በሸምበቆዎቹ ቀዳዳ ሲያልፍ መሾሩን ትቶ ቀጥ ብሎ ወጣ።

አንዱ ልጅ ፔዳሉን መታ፣ አቶ ጓዴ በላይዳቸው አነሱ። እብቁ በረረ፣ ሩዙ እግራቸው ሥር ወረደ። ደግመው አነሱ። ከዚያ ላይዳውን ጥለው አንድ እፍኝ ዘገኑ፣ እፍ አሉት፣ አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ሰበሯት። ወደ ልጆቹ ዞረው፣ ሳይክሏ ላይ ያለው ልጅ ደከመ መሰለኝ፣ ሌላ ተኩት አሉ። ደመናው ሳይደርስ ምርቱ ጎተራ ገባ፤ ከዚያ የጎረቤታቸው፣ ከዚያ የሚቀጥለው። አባቴ አንድ ዓይነ ሥውር ተማሪያቸውን እጁን ይዘው መጥተው ያን ነፋስ በፊታቸው ላይ እስኪሰማቸው ቆሙ፤ ጋቢያቸው ይውለበለብ ነበር።

ጥር ላይ ፈታኞች ፊት ቀረቡ። አንዱ ፈታኝ ርዕሱን አንብበው አውሮፕላኑ የት እንዳለ ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ብርቱካን መጀመሪያ ስለ መውደቁ ተናገረች፤ ከስንጥቋ ጀምራ እስከ ፕላስተሩ ምንም ሳትደብቅ። ሀብታሙ ስለ ነፋሱ ተናገረ። ፈታኞቹ ለረጅም ጊዜ ተወያዩ። አለፉ፤ ውጤቱ ግን ከሌሎቹ ቡድኖች ሁሉ ያነሰ ነበር፤ ርዕሱ የጠየቀውን አላደረሱምና። ሀብታሙ ከፋው። ጋሽ ምትኩ ስድስቱንም ይዘው ዓሣ ሊያበሉ ሄዱ፤ እኔንም ጠሩኝ። ሲበሉ ስለ ውጤት አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ እሾኽ የበዛበት ዓሣ ከማን ሰሐን ወደ ማን እንደሚዛወር ከልጆቹ ጋር ይከራከሩ ነበር። ስንወጣ ሀብታሙ ይስቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቡድን አልፏል፤ የበረሩ ብዙ ናቸው፣ ከእኔ የተሻሉ መሐንዲሶች የሆኑም አሉ። ጋሽ ምትኩ ጡረታ ወጡ፤ አባቴ ዐረፉ። ሥራውም ተለወጠ። ክርክሩ ቴሌግራም ላይ ሆነ፤ ስሌቱን ኮምፒውተር ይሠራዋል፤ አንዳንዱ ቡድን አውሮፕላኑን በስክሪን አብርሮ በስክሪን ያሳርፋል። አልነቅፈውም፤ ቀድሞ በሳምንት የማናገኘውን መልስ በአንድ ጠዋት ያገኛሉ። እኔ ግን እየዘገየሁ መጣሁ። ደስ ያለኝ ነገር ቢኖር ትምህርቱን ያስረከብኩት ለብርቱካን መሆኑ ነው። አሁን እሷ ናት የምታስተምረው። ሀብታሙ አዲስ አበባ አውሮፕላን ጥገና ይሠራል፤ በበዓል ይደውልልኛል።

ባለፈው ዓመት ጋሽ ምትኩ ሊጠይቁኝ ከባሕር ዳር መጡ። ምሳ ስንበላ ይፋግ ገበያ ያየሁትን ነገርኳቸው። አንድ አናጺ የእኛን ባለ ሳይክል ማዝሪያ እያስመሰለ ሠርቶ ይሸጣል፤ ቅጠሎቹን ግን ስድስት አድርጓቸዋል፣ ጥርባቸውንም ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት። ያ ልጅ ስንት ሌሊት ያሰላው ማዕዘን ጠፍቷል አልኳቸው፤ ትንሽ ከፍቶኝ ነበር።

«ያዘራል?» አሉኝ።

«ያዘራል።»

ምሳቸውን ሳይጨርሱ እጃቸውን ታጠቡና እንሂድ አሉ። ይፋግ ስንደርስ አናጺው ደጃፉ ላይ እንጨት እየላገ ነበር። ጋሽ ምትኩ አስፈቅደው አጠገቡ ተቀመጡና ለምን ስድስት እንዳደረጋቸው ጠየቁት። አጭር እንጨት ስለነበረው ነው አላቸው፤ አራት ቢያደርጋቸው ነፋሱ ይሳሳል። ከዚያ እሱ በተራው ማን እንደሆኑ ጠየቃቸው። አስተማሪ ነበርኩ አሉት። ቅጠሉን ተቀብለው በጣታቸው ዳሰሱት፤ ጥርቡ ወደ ጫፉ ቢቃና ፔዳሉ እንደሚቀልለት ነገሩት። አናጺው በጥርጣሬ አያቸውና መላጊያውን ሰጣቸው፤ ያሉትን እንዲያሳዩት።

ጋሽ ምትኩ ሹራባቸውን አውልቀው ለእኔ አስያዙኝ። በዚያ ሁሉ ዘመን ሲያወልቁት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አናጺው እንጨቱን በጉልበቱ ያዘላቸው፣ እርሳቸው መላግ ጀመሩ፤ ሁለቱ አንገታቸውን ደፍተው ስለ ጥርቡ ሲከራከሩ እኔ መኖሬንም የረሱት መሰለኝ። ወደ ወረታ የሚመለሰው የመጨረሻ ሚኒባስ ጥሩንባውን ነፋ። ሄጄ ሾፌሩን ጥቂት እንዲታገሠን ለመንኩት።